ለቤት የሚሆነውን ድራም እንዴት መረጥን?

«ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። እውነተኛነቱን በሚገባ የተረዳነው ግን ለበኩር ልጃችን በቤት የሚለማመድበትን ድራም ልንገዛለት በተነሣን ጊዜ ነው።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ድራም መምታት ከጀመረ ወዲህ በቤታችን ውስጥ ያልተመታ ዕቃ አልቀረም፤ በማማሰያ የድስቱን ክዳን፣ በእርሳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲመታ ያመሻል። መምህሩ ስጦታ እንዳለውና በየቀኑ ቢለማመድ መልካም ደረጃ እንደሚደርስ ስለ ነገሩን፣ ባልና ሚስት ተመካክረን ከዓመቱ ቁጠባችን ከፊሉን ለዚሁ ለማዋል ወሰንን። ነገር ግን የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። የተለመደው ድራም በብርቱ ሲመታ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ እንደኛ ባለ ቤት ውስጥ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሙዚቃው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሊሰማ የሚችለውን የኤሌክትሮኒክ ድራም መረጥን።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ዋጋው ስለ ቀለለልን፣ ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየውንና ፓድ የሚባሉት መምቻዎቹ በጠንካራ ጎማ የተሠሩትን አንዱን ገዛን። ሻጩ «ጎረቤት አይሰማውም» አለን፤ ልጁ ማዳመጫውን አጥልቆ ሲመታ እኛም ከሳሎን ሆነን ቷ ቷ ከሚል ቀላል ድምፅ በቀር የሰማነው ስላልነበረ ቃሉን አመንን።

በአራተኛው ምሽት ከበታቻችን የሚኖሩት እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ደረጃውን በዝግታ ወጥተው በራችንን አንኳኩ። የደም ግፊት ያለባቸውና እንቅልፍ የሚቸግራቸው ባልቴት ናቸው። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ በዚህ ሰዓት የምትወቅጡት ምንድን ነው? ቡና ነው እንዳልል ሽታው አልመጣልኝም» አሉን። እኛም በኀፍረት ይቅርታ ጠይቀን፣ ልጁ እየመታ ሳለ ከቤታቸው ገብተን እንድናዳምጥ ፈቃዳቸውን ለመንን።

ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጠን ያዳመጥነው ነገር አስደነቀን። የልጁ የእጅ ምት ፈጽሞ አይሰማም ነበር። ባስ ድራም የሚባለውን ፔዳል በእግሩ በረገጠ ቁጥር ግን ጣራው እንደ ሙቀጫ ድም ድም ይል ነበር። ለካስ ማዳመጫ የሚያስቀረው በአየር የሚሄደውን ድምፅ ነው እንጂ በሲሚንቶው ወለል የሚወርደውን ንዝረት አይደለም! ነገሩን ለልጁ በነገርነው ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያው ይቅርብኝ» አለ። ይህ ቃሉ ከማናቸውም ልመና ይልቅ ልባችንን ስለ ነካው፣ ያንን ድራም በኪሳራ ሸጠን፣ ሌላ ከመግዛታችን አስቀድሞ ነገሩን በትዕግሥት መመርመር ያዝን።

በመጀመሪያ የተመለከትነው የሚመታውን ፊት ነው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድራም ላይ፣ ሬሞ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተባብሮ የሠራውን የመረብ ፊት አዋለ፤ ዛሬ ብዙ ሠሪዎች የመረብ ፊት ያለው ድራም ይሠራሉ። አየር በመረቡ ቀዳዳዎች ስለሚያልፍ የምቱ ድምፅ ከጎማው ያነሰ ነው፤ እንደ ቆዳ ስለሚነጥርም ለእጅ ይመቻል።

ሁለተኛው ፔዳሉ ነው። አንዳንዱ ፔዳል መዶሻ መሳይ መምቻ አለው፤ በተረገጠ ቁጥር ከፊቱ የቆመውን ፓድ ይመታል፤ ንዝረቱም በእግሮቹ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሌላው ግን መዶሻ የሌለው፣ የእግርን እንቅስቃሴ ብቻ የሚቈጥር ነው፤ ለፎቅ ቤት የሚሻለው ይኸኛው ነው።

ሦስተኛው ድምፁን የሚያወጣው ሣጥን ነው። ሻጮች ሣጥኑ ውስጥ ስንት መቶ ድምፅ እንዳለ ቈጥረው ያስረዳሉ። እኛ ግን ልጁን አንዱን ፓድ ብቻ ከቀስታ ጀምሮ እስከ ብርቱ ድረስ እንዲመታ አደረግነው፤ ድምፁ እንደ እጁ ኀይል ደረጃ በደረጃ የማያድግ ከሆነ ተውነው። በእንዲህ ያለው መሣሪያ የሚማር ልጅ እጁን መግራት አይማርምና።

አራተኛው የልጁ የራሱ ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ለሚሆን ማዳመጥ የመደበው ልክ 75 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ ከዚህ በላይ ሲሆን ሰዓቱ ማጠር ይገባዋል። ስለዚህ የማዳመጫውን ድምፅ ዝቅ አድርገን፣ ከፍ እንዳያደርገው ቃል አስገባነው።

የተመረጠው ድራም ከገባ በኋላ አንድ አናጢ ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች አዘጋጀልን። በመካከላቸው የቴኒስ ኳሶች በክብ ጉድጓድ ተደርድረው ስለ ተቀመጡ፣ የእግሩ ምት ወለሉን ሳይነካ በኳሶቹ ልስላሴ ይበርዳል። ከዚያም ልጁን ከላይ ትተን እንደገና ወደ እማማ ወረድን። ብዙ ጊዜ ካዳመጡ በኋላ «አሁን ሩቅ ነው፤ ግን አለ» አሉን። እውነቱም ይኸው ነበር፤ ንዝረቱ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። የቀረውን ሊፈታው የቻለ ዕቃ ስላልነበረ በስምምነት ፈታነው፤ ልጁ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ይለማመዳል፤ ሕመም በጠናባቸው ቀን እማማ ስልክ ይደውሉልናል፤ ልጁም ያለ አንዳች ማጕረምረም ዱላዎቹን ያስቀምጣል።

እንግዲህ በፎቅ ቤት የምትኖሩ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ቢጠይቃችሁ አትከልክሉት፤ መረቡንም፣ ፔዳሉንም፣ ሣጥኑንም መርምሩ። ነገር ግን ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ታች ወርዳችሁ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን አንዲት የታመሙ እናት ምርኩዝ ይዘው ደረጃ እንዲወጡ ሆነዋልና።