ከባቱ እስከ ሐዋሳ በብስክሌት

ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ሆኜ፣ የገዛ እናቴን ዋሽቼ ከቤት ወጣሁ ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ? «ለሥራ ሐዋሳ እሄዳለሁ» አልኳትና ልጄን እሷ ዘንድ ተውኩ። ሐዋሳስ ሄጃለሁ፤ በብስክሌት መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። ስድስት ሴቶችና አምስት ወንዶች ሆነን 275 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በሦስት ቀን ለመጨረስ ተነሣን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አላወራቸውም። እስከ ሞጆ የከባድ መኪና ጭስ፣ ከዚያ ወዲያ ሙቀትና የጉልበት ሕመም ነበር። ሕመሙ የመጣው ኮርቻዬ ዝቅ ብሎ ስለነበረ ነው፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ቢረግጠው እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ዝዋይ ከምንላት ከባቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ስንነሣ ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ እየተመለሱ፣ አባ ኮዳዎችም ራሰ በራ ሽማግሌ መስለው የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ነበር። አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ በሁለት ሐይቆች መካከል ገባ፤ በግራ ቡናማው ላንጋኖ፣ በቀኝ ደግሞ አብጃታ። የፓርኩ በር ላይ አስፈቅደን ወደ ውስጥ ዘለቅን። አሸዋው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ጉልበቴም ተላጠ። ከኮረብታው ላይ ሲታይ አብጃታ ዳር ዳሩ ጨው የመሰለ ነጭ ነው። የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ፣ የሐይቁም ውኃ ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ኖሮ ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። በቀረው ውኃ ላይ ግን ፍላሚንጎዎቹ ሮዝ መቀነት ዘርግተዋል። ከወዲያው ደግሞ ሻላ፣ ጥልቀቱ ከ260 ሜትር በላይ የሆነው፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። አሥራ አንዳችንም ዝም አልን።

ጉልበቴን ያጠቡልኝ አብረውን የነበሩት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አዋላጅ ነርስ ናቸው። «በልጅነትሽ አልተማርሽም እንዴ?» አሉኝ። ነገሩን አጫወትኳቸው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ የወንድሜን ብስክሌት ግቢያችን ውስጥ ወጣሁበት፤ እናቴም ጆሮዬን ይዛ አወረደችኝ። «ሴት ልጅ እንዲህ አትቀመጥም» ከማለት በቀር ምክንያቷን አልነገረችኝም።

«የፈራችው ለክብረ ንጽሕናሽ ነዋ!» አሉኝ ሳቅ ብለው። «ስንት እናት በዚህ ነገር ልጇን ይዛ መጥታለች። ተመርምሮ የሚታወቅ ነገር አይደለም ብል ማን ይሰማኛል?»

እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ የሳይንስ መሠረት የለውም ሲል አስታውቋል። እናቴ ግን ይህን ከማን ትስማ? በሠፈራችን የአንዲት ልጅ ትዳር በዚሁ ሐሜት ሲፈርስ አይታለች። ያን ዕለት ጆሮዬን የያዘው እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ትዝ ያለኝ እዚያ ኮረብታ ላይ ነው።

እኔስ? ልጄ ብስክሌት በጠየቀችኝ ቁጥር «መኪናው!» እላታለሁ። የመንገዱ አደጋ እውነት ነው፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን ግቢያችን ውስጥ መኪና የለም። ታዲያ ምን ፈርቼ ነው?

ከዚያ በኋላ ወደ ነገሌ አርሲ የሚወስደውን አቀበት ግማሹን እየነዳሁ፣ ግማሹን እየገፋሁ ወጣሁት። ከሻሸመኔ ወዲያ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብዙው ቁልቁለት ነው። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ደረሰ፤ (ነጠላ ለብስክሌት አይሆንም፤ ሲበዛ በሰንሰለቱ ይያዛል፤ እኔን አይታችሁ እንዳትሞክሩት።) ሐዋሳ ሐይቅ ብቅ ሲል እንደ ሕፃን ጮኽኩ።

ማታ ስልክ ደወልኩ። ምስጢሬን የምታውቀው ልጄ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ከብስክሌቱ ስንት ጊዜ ወደቅሽ?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የእናቴ ትንፋሽ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተሰማኝ።

«ጉልበትሽን ነው?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማ።»

«ለብ ባለ ውኃና ጨው እጠቢው። ደግሞ ልጂቱ ምሳዋን አልበላም ብላ ነበር፤ አሁን በልታለች።»