ደመና የሌለበት ማታ

ብርድ እፈራለሁ። ለደጋ ልጅ ይህን መናገር ስለሚያሳፍር ለብዙ ዘመን ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ትውልዴ ማሻ ነው፤ የሸካው ማሻ ሳይሆን በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም በኩል ያለው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ አዲስ አበባን የለመደ ሰው እንኳ ማታ ማታ ይንዘፈዘፋል። ከዚያ ወዲያ ደንቆሮ ጫካ ወዳለበት ከፍታ ሲወጣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጫማ አገር ነው። በሌላው ፊት ደግሞ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃ ይገባል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ በዚያው ሌሊት የቆላው ሰው ነጠላ ጥሎ ደጅ ሲተኛ የደጋው ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ እቤታችን የነበረው ልብስ ቀን የሚለበስ፣ ማታ የሚደረብ ነበር። የአባቴ ጋቢ ቀን ትከሻው ላይ ውሎ ማታ የሁላችን ይሆናል። አባቴ ለቅሶ ሄዶ ውጭ ያደረ ለታ ጋቢውም አብሮት ያድራል፤ እኛ ልጆቹ ጉልበታችንን ከአገጫችን ገጥመን፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን እናነጋለን። እናቴ ያን ለታ አትተኛም። እሳቱን ስትቆሰቁስ እሰማታለሁ። አድጌ ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላም ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም። ገበያ ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ብርድ ልብስ ላይ ነው። ቁም ሳጥኔ የማልደርበውን ብርድ ልብስ ተሸክሟል፤ ለምን እንደምገዛው ሲጠይቁኝ «ለእንግዳ» እላለሁ።

ፍርሃቴ የሚበርድልኝ ብርድን ሳውቀው ነው። ያሳወቀችኝም እናቴ ናት፤ ልታስተምረኝ ብላ ሳይሆን ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ በመሆኔ።

የጥቅምትን ማታ ላንሳ። ገብሱ ዘለላ ይዟል፣ ባቄላው አበባ ላይ ነው፤ ለገበሬ ከዚህ የባሰ የጭንቀት ጊዜ የለም። እናቴ ላሚቱን አልባ ስታበቃ ደጅ ወጥታ፣ እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ ሰማዩን ዙሪያውን ታየዋለች። ነፋስ መኖር አለመኖሩን ታዳምጣለች። ከዚያ ወደ ቤት ዘወር ብላ «ሰማዩ ገላጣ ነው፤ ባናውን አውርጂ» ትለኛለች። ኋላ ላይ ቤታችን የገባው የበግ ጠጉር ባና ከመደቡ በላይ በተዘረጋው ገመድ ላይ ተጥሎ ይከርማል። ደመና ያለ ለታ ግን «ይቆይ» ትላለች፤ ጋቢውን ብቻ እንደርባለን። ለአዝመራው ውርጭ የምትፈራበት ምልክትና ለልጆቿ አልጋ ልብስ የምትመርጥበት ምልክት አንድ መሆኑን ያስተዋልኩት ብዙ ዘግይቼ ነው።

ምክንያቱን ኋላ በትምህርት አገኘሁት። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ሲኖር የሚወጣው ሙቀት ተይዞ ከፊሉ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ደመና ለምድር ጋቢዋ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱም ረጭ ያለ ለታ ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል፤ ቅዝቃዜው ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በእኛ ደጋ ብርድ የሚጠናው ዝናብ በሚያወርደው በሐምሌና በነሐሴ አይደለም። በክረምት ቀኑም ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ እምብዛም አይራራቁም። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአገሬ ሰው ያለ ነገር አላለም። በአንድ ቀን ውስጥ፣ በቀትርና በንጋት መካከል ያለው ልዩነት በወርና በወር መካከል ካለው ይበልጣል። ስለዚህ «የበጋ ብርድ ልብስ»፣ «የክረምት ብርድ ልብስ» ብሎ መክፈል ለእኛ አገር ብዙም አይበቃም፤ ማታ ማታ ወጥቶ ሰማይ ማየት ይበልጣል።

ክረምቱ ሌላ ጠባይ አለው፤ ጣጣው እርጥበቱ ነው። በሐምሌ ጋቢ ከራሰ የሚደርቀው በእሳት ዙሪያ ተዘርግቶ ነው፤ ጭስ ጭስ እያለም ቢሆን ይደርቃል። ዛሬ በየከተማው የተለመደው ወፍራም ኮምፎርት ግን አንዴ ከታጠበ፣ ወይም ጣሪያው ካፈሰሰበት፣ በዚያ ወር ፀሐይ የት ይገኝለታል? ውስጡ እርጥበት ይዞ ይከርምና ሻጋታ ያወጣል። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ በክሮቹ መካከል የነበረው አየር በውኃ ይተካል፤ ሙቀት መያዙ ያበቃል። የበግ ጠጉር ከዚህ ይለያል። ከክብደቱ ሲሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ተቀብሎ እንኳ ለገላ እርጥብ አይመስልም፣ ሙቀቱንም ቶሎ አይለቅም። ባና ይቧጥጣል፣ ይከብዳል፣ ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል፤ ግን የደጋ ሰው ለምን እንደያዘው አሁን ይገባኛል። መንዞችም ከበግ ጠጉር በሚሠሩት ዝተትና በርኖስ የታወቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለውም ከዚያው ከበግ አርቢው ደጋ መሀል ነው።

ደግሞ ከእርጥበቱ የባሰ ነገር አለ። በብርድና በዝናብ ሰው በአንድ ልብስ ሥር ተጣብቆ ሲያድርና ልብስ ማጠብ ሲያቅት ቅማል ይራባል፤ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ በደጋው ስንቱን እንደፈጁ ሽማግሌ ያለበት ቤት ሁሉ ያስታውሳል። በፈላ ውኃ የሚታጠብና በቀላሉ የሚደርቅ ስስ ልብስ ለክረምት የሚሻለው ለምቾት ብቻ አይደለም።

ስለ ሙቀት የማውቀውን ግማሹን ያገኘሁት ከእናቴ ደጋን ነው። ጥጡ ከዓባይ ቆላ መጥቶ ገበያ ላይ ይገዛል። ፍሬው በመዳመጫ ተለይቶ ካበቃ በኋላ እናቴ ተቀምጣ በደጋን ትነድፈዋለች። የጅማቱን ድምፅ፣ ድም፣ ድም፣ ድም፣ አሁንም እሰማዋለሁ። ተጣብቆ የነበረው እፍኝ ጥጥ እየተነሣ፣ እየተነፋ፣ እቅፍ ሙሉ ባዘቶ ይሆናል። ጥጥ አልተጨመረበትም፤ የገባበት አየር ነው። ከዚያ አመልማሎ ይጠቀለላል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ለድሩ ጠንካራና ቀጭን ክር ይፈተላል፤ ለጋቢው ማግ የሚሆነው ግን ላላ ብሎ፣ ወፈር ብሎ ነው። «አታክርሪው፤ ይተንፍስ» ትለኝ ነበር። ለካ የሚያሞቀን ጥጡ ሳይሆን ጥጡ ያቀፈው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ሙቀት ከገላችን ይወጣል፤ አየሩ ይዞ ያቆየዋል። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው፣ ሁለት ድርብ ከሆነው ኩታ የሚሞቀውም በየድርቡ መካከል አየር ስለሚያድር ነው። ጋቢ አርጅቶ ሲሳሳና ሲጠፈጠፍ ብርድ የሚያስገባውም አየሩ ስለሚወጣ ነው። ክብደት ሌላ ነገር ነው። ከባድ ብርድ ልብስ ሁሉ ሞቃት አይደለም።

ከበታች ያለውም እንዲሁ ይታሰባል። በገላችን ሥር የተጫንነው ልብስ አየሩ ስለሚወጣ ሙቀት አይዝም፤ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ በስስ ሰሌን በመደብ ላይ የተኛ ሰው ከሥር ሲበርደው ያድራል። የበግ አጎዛ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲነጠፍ ግን አይጠፈጠፍም፤ ጠጉሩ እየታጠፈ ይሸከማል። በእኛ ቤት ለሕፃንና ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚፈለገው አጎዛ ነበር። ዛሬ ፍራሽ ባለበት ቤት ይህ ተረስቷል፤ ፍራሹ ቀጭን ከሆነ ግን ከላይ አንድ ብርድ ልብስ ከመጨመር ከሥር አንድ ማንጠፍ ይሻላል። ይህን በራሴ አልጋ ላይ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ፣ እዚያ ብርድ ልብስ የሚገዛው በቁጥር መሆኑን አጫወተችኝ። ቁጥሩ ቶግ ይባላል፤ ልብሱ ሙቀት እንዳያመልጥ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካበት ነው። መለኪያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ ማንቸስተር በሚገኘው የሸርሊ ኢንስቲትዩት የወጣ ነው። ለሞቃቱ ወራት እስከ 4.5፣ ለመካከለኛው ወቅት 10.5፣ ለብርዱ 13.5 የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይሸጣል። ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነበር። «የአራቱም ወቅት» እየተባለ የሚሸጠው አንድ ልብስ አይደለም፤ አንዱ 4.5፣ ሌላው 9 የሆኑ ሁለት ልብሶች በቁልፍ የሚያያዙ ናቸው። በሙቀት አንዱን፣ በልዝቡ ሌላውን፣ በብርድ ሁለቱን ነው። እናቴ በገመዷ ላይ ጋቢና ባና አንጠልጥላ የምትሠራውን፣ ፋብሪካው በቁጥር ሠርቶታል። ቁጥሩ ግን እንዳለ ወደ እኛ አይመጣም፤ እዚያ መኝታ ቤቱ ማሞቂያ አለው፣ እኛ ጋ ንጋት ላይ ክፍሉ ከውጭው ብዙም አይሻልም። የቆርቆሮ ቤት ከሆነማ ጣሪያው ራሱ ሙቀቱን ለሰማይ ሲሰጥ ያድራል። ሣር ቤት ይህን ያህል አይጨክንም ነበር።

ወፍራም ኮምፎርት አንድ ብቻ ያለው ሰው ችግሩ ምሽት ላይ ይጀምራል። ሲተኛ ይሞቀዋል፣ ያልበዋል፣ ይገልጠዋል፤ ላቡ አንሶላው ላይ ይቀራል። ገላችን ራሱ ሌሊቱን እየቀዘቀዘ ሄዶ ዝቅ የሚለው ከመንቃታችን ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ውጭውም የሚብሰው ወደ ንጋት ነው። ሁለቱ ብርዶች ሲገናኙ ሰውየው እርጥብ አንሶላ ላይ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ልብስ ያለው ሰው ግን አንዱን እግሩ ሥር አጥፎ ይተኛና ዶሮ ሲጮህ ሳይነሣ ይስበዋል። እኔ ዛሬ የምተኛው እንዲህ ነው፤ ፍርሃቱም የሚያንቀላፋልኝ እግሬ ያን ተጨማሪ ልብስ ሲነካው ነው።

እናቴ አሁን አርጅታለች። «በረደሽ ወይ?» ስላት «አይ፣ አብሽሪ» ትለኛለች፤ እጇን ስይዘው በረዶ ነው። የአረጋዊ ሰው ገላ ብርዱን እንደ ወጣት ፈጥኖ አያውቀውም፤ ስለዚህ መልሷን ሳይሆን እጇንና እግሯን ነው የማምነው። ባናው አሁን ትከሻዋን ይጫናታል፤ ለእርሷ ቀላልና የተነፋ ነገር፣ ከሥሩ አዲስ ጋቢ፣ እግሯ ላይ ካልሲ አደርጋለሁ። ለጨቅላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዓመት ያልሞላው ልጅ ላይ ወፍራም ልብስ መቆለል ሊያፍነው ይችላል፤ ልብሱን በገላው ላይ ማልበስ እንጂ ከላይ መከመር አይገባም።

ከሁሉም በላይ ልመናዬ ስለ ከሰል ነው። ልብስ ባነሰበት ቤት ሰው የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስልም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በየዓመቱ ይህን መርዶ እንሰማለን። ያ ምድጃ የገባው አንድ ጋቢ ስለጎደለ መሆኑን ሳስብ አንጀቴ ያራል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ ስላለው በየዓመቱ ብርዱን የማያውቁ ልጆች እዚያ ይመደባሉ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት እናት፣ ልጇ እዚያ ተመድባ፣ እነርሱ የመተማ ቆላ ሰዎች ናቸውና፣ አንድ ትልቅ ኮምፎርት ልትገዛላት ስትል አማከረችኝ። ገንዘቡን ለሁለት ከፍላ አንድ ጥሩ ጋቢና አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ እንድትገዛ፣ ጋቢውን ለብርሃን አንሥታ ማጉ ላላ ያለና ያልተጠፈጠፈ መሆኑን እንድታይ ነገርኳት። ለልጅቷም ሱፉን ከመስቀል በኋላ እንድታወጣው፣ እስከዚያ ግን ብል እንዳይበላው በየሳምንቱ ፀሐይ ስታገኝ እንድታናፍሰው፣ ማታም ከመተኛቷ በፊት ወጣ ብላ ሰማዩን እንድታይ በስልክ አስረዳኋት። «ደመና ካለስ?» አለችኝ። ጋቢው ብቻ ይበቃሻል አልኳት።