የሰማኸውን ድገም

በእኛ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሌሊቱን ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚበር ሰው ከእንቅልፉ ይልቅ የሚፈትነው ሬዲዮው ነበር። ቪ ኤች ኤፍ ድምፁ ጥሩ ቢሆንም ሞገዱ ቀጥታ ስለሚጓዝ የመሬት ክብነት ይጋርደዋል፤ የቱንም ያህል ከፍ ብለን ብንበር ከ400 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለን ኤች ኤፍ ብቻ ነበር። የእሱ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። ቀን ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ፣ ሌሊት ዝቅ ያለውን እንይዛለን፤ ሲመሽና ሲነጋ ግን የትኛውም በጄ የማይልበት ሰዓት አለ። መብረቅ የበዛበት ወቅት ከሆነማ ጆሯችን ላይ ቡና የሚቆላ ይመስል ነበር።

አንድ ሌሊት ቻድ ላይ ሆነን ያለንበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና ከፍታችንን ለማሳወቅ ደጋግመን ብንጣራ የሚመልስልን ጠፋ። በመጨረሻ የሌላ አየር መንገድ አብራሪ ሰምቶን ኖሮ፣ “እኔ ላስተላልፍላችሁ” አለ። መልእክታችንን አድርሶ የተቆጣጣሪውን መልስ ይዞልን መጣ። እኔ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ካፒቴኑ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ “ሰማሁ ብለህ እንዳታልፍ፤ የሰማኸውን ድገምለት” አሉኝ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ደገምኩለት፤ ያ መልኩን የማላውቀው ሰውም እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ “ትክክል ነው” አለኝ።

በቅርቡ አንድ ወጣት አብራሪ፣ “ጋሼ፣ አሁን እኮ በብዙ ቦታ ፈቃዱ በጽሑፍ ነው የሚመጣልን” ብሎ አስረዳኝ። መልእክቱ በሳተላይት አልፎ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ አብራሪው አንብቦ ቁልፍ ተጭኖ ይመልሳል። ደስ አለኝ። ያንን ሁሉ ጩኸት ማንም እንዲመልስልን አልመኝም።

ቅር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። በሲሙሌተር ልምምድ ላይ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ከፍታ፣ አቅጣጫና አዲስ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ትንፋሽ ተሰጠ። ልጁ “ኮፒድ” ብሎ አለፈ፤ የበረራ ቁጥሩን እንኳ አልጠራም። አሰልጣኙም ዝም አለ። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቢኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ፈቃድ ወስዶ መውረድ ሲጀምር ማን ያውቃል? ስህተቱ የሚያዘው ሙሉው ሲደገምና ተቆጣጣሪው ድግግሞሹን ሲያዳምጥ ነው።

በ1977 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፍ ደሴት ጭጋግ ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። የኬ ኤል ኤም አውሮፕላን ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ ተቆጣጣሪው “ጠብቅ” ሲል፣ የፓን አሜሪካን አብራሪዎችም “ገና ሜዳው ላይ ነን” ሲሉ ንግግራቸው ተደራረበ፤ የኬ ኤል ኤሞቹ ጆሮ የደረሰው ፉጨት ነው። በዚያ በረራ ላይ የነበረው ኢንጂነር ግን ከዚያ የተከተለውን ንግግር ሰምቶ ሜዳው መለቀቁን ተጠራጠረ፤ ጠየቀም። ካፒቴኑ ጥያቄውን አልተቀበለውም።

በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቪያንካ 52 ኒው ዮርክ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወድቆ 73 ሰው ሞተ። እዚያ ፉጨት አልነበረም። ካፒቴኑ አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲናገር ረዳቱን አዘዘው፤ ረዳቱም ነዳጅ እያለቀብን ነው አለ እንጂ የአስቸኳይ አደጋ ጥሪ አላሰማም። ካፒቴኑ ነግረሃቸዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ነግሬያቸዋለሁ አለው። የምድሮቹም ምን ማለትህ ነው ብለው አላጣሩም።

እኛ በደህና የተመላለስነው ሬዲዮው ደካማ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ጠርጥረን እናዳምጥ ስለነበር ይመስለኛል። የዛሬዎቹ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሚሰሙ የተግባቡ ይመስላቸዋል። ልጆቼ፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውን፣ ሜዳውን፣ የበረራ ቁጥራችሁን ጨምራችሁ ድገሙ። ታወር ላይ ያላችሁም እስኪጨርስ ስሙት፤ ከተሳሳተ ወዲያው አርሙት፤ ካልገባችሁ ጠይቁት። ከኋላችሁ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሬዲዮውን አይሰማም፤ የሚሰሙለት እናንተ ናችሁ።