የተደበቀ በር የተቆለፈ በር አይደለም

በ1989 ዓ.ም ከላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል ተሰረቀ። ቤልጂየም ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም ተመለሰ። ቅርስ ስለመጠበቅ ሲወራ የሚነሳው እስከ ዛሬ የዕቃ ቤቱ በርና ቁልፍ ነው። አሁን ግን ሌላም ዕቃ ቤት አለ፤ ድረ ገጽ።

አንድ የላሊበላ አስጎብኚ ለዓመታት ያነሳቸውን የመስቀልና የብራና ፎቶዎች በግል ድረ ገጹ ላይ በአንድ ፎልደር አስቀመጠ እንበል። ሊንኩን ለማንም ስላልሰጠ የደበቀው ይመስለዋል። ነገር ግን ሰርቨሩ የፋይል ዝርዝር እንዳያሳይ ካልተከለከለ፣ አድራሻውን የገመተ ሁሉ ያለውን በሙሉ ያያል። ጎግል እንዳይገባ «ሮቦትስ» በሚባለው ፋይል ላይ የፎልደሩን ስም መጻፍም አያድንም፤ ያን ፋይል ማንም ማንበብ ስለሚችል ለሌባ በሩን መጠቆም ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ደግሞ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። በላስታ ተራሮች ዘበኛ ለሌላት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መቆለፊያው ውድ አይደለም። አፓቺ በተባለው ሰርቨር «ኤችቲአክሰስ» የሚባል ትንሽ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ሲቀመጥ፣ የመጣ ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። የይለፍ ቃሎቹ መዝገብ ግን ሕዝብ ከሚያየው ፎልደር ውጭ መቀመጥ አለበት። ድረ ገጹም ኤችቲቲፒኤስ ካልተጠቀመ የይለፍ ቃሉ መንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል።

ዋናው ጥያቄ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን የሚለው ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱ የሞተ ቀን ወይም የሰርቨሩ ክፍያ የተቋረጠ ቀን ፎቶዎቹም አብረው ይጠፋሉ። በ1960ዎቹ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሳት የጀመረው ፕሮጀክት ቅጂውን አዲስ አበባም አሜሪካ ሚኒሶታም አስቀምጧል። የሚኒሶታው ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ምስሎቹን በኢንተርኔት ለማሳየት ምዝገባ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ግን አይጠይቅም። ማን እንደገባ ይታወቃል፣ ማንበብ የፈለገም አይከለከልም።

የግል ድረ ገጽም ይህን ማድረግ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ስምና የይለፍ ቃል መስጠት ይቻላል፤ አንዱ ሲለቅ የእሱ ብቻ ይሰረዛል። ከሁሉ በፊት ግን አንዱ ቁልፍ ፎቶው የተነሳበት ደብር ቄሰ ገበዝ ጋ መድረስ አለበት። ለባለቤቱ የማይከፈት ዕቃ ቤት ተጠበቀ አይባልም፤ ተወሰደ እንጂ።