በአመድ ውስጥ የቆየ ፍም

አበው «እሳት አመድ ወለደ» ሲሉ ከብርቱ አባት ደካማ ልጅ መውጣቱን መናገራቸው ነው። ነገር ግን አመድ ሌላም ሥራ አለው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ያሳድሩታል፤ ጧት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ሲጨምሩበት እሳቱ እንደ ገና ይነድዳል። እኔም የምጽፈው እንዲሁ ተዳፍኖ ስለ ቆየ አንድ ፊልም ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፊልሙ «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «አመድና ፍም» ማለት ነው። የሠሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወልደው በ1967 ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። ይህን ፊልም በ1982 ያወጡት በዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፣ በጥቂት ገንዘብ ነው።

ታሪኩ ኔድ ቻርልስ ስለሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው ከቪየትናም ጦርነት ከተመለሰ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ጦርነቱ ከልቡ አልወጣም። አንድ ጊዜ በዋሽንግተን፣ አንድ ጊዜ በሎስ አንጀለስ፣ አንድ ጊዜም በገጠር በአያቱ ቤት ይታያል። ሰላምታ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ ሕመሙን የሚያዳምጠው ግን ጥቂት ነው። አሮጊቲቱ አያት የወገኖቹን ታሪክ እየነገሩ ሊያጽናኑት ይደክማሉ።

ይህ ታሪክ ለእኔ ሩቅ አልሆነም። አጎቴ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ በእልልታ ተቀበለው፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን «ምነው ዝምታ አበዛ?» እያለ ያማው ዠመር። አያቴ ብቻ ምንም ሳይጠይቁት አጠገቡ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ፊልሙን ከእርሳቸው ጋራ ሳይ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁት አያቴ ወደ አሮጊቲቱ እያመለከቱ «እኒህ ሴት የልጃቸውን ነገር ያውቃሉ» አሉኝ።

የፊልሙም ዕድል የወታደሩን ይመስላል። በ1983 በበርሊን የፊልም በዓል የዓለም አቀፍ ሐያስያንን ሽልማት አገኘ፤ ሆኖም በአሜሪካ በትልልቁ ሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም አልሆነም። ፕሮፌሰሩና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ፊልሞቻቸውን በራሳቸው ድርጅት እያከፋፈሉ ደከሙ። «ሳንኮፋ» የተባለውን የ1993 ፊልም አከፋፋዮች እንቢ ባሉ ጊዜም ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት፤ ሕዝቡም ጎረፈ። «አመድና ፍም» ግን ብዙ ተመልካች ለማግኘት እስከ 2016 ቈየ፤ በዚያ ዓመት አቫ ዱቨርኔይ የመሠረተችው አሬይ የተባለው ድርጅት እንደ ገና አውጥቶ በኔትፍሊክስ እንዲታይ አደረገው። በ2021 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የተከፈተው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም ፕሮፌሰሩን በክብር ሸለማቸው። ከ1982 እስከ 2016 ሠላሳ አራት ዓመት ነው፤ ይህም ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የገለባ እሳት ቦግ ብሎ ወዲያው እንደሚጠፋ ሁላችን እናውቃለን። የመጀመሪያው ቀን እልልታና ጭብጨባም እንደዚያው ነው። ሥራም ሆነ ሰው በደንብ ተቀበሉት የሚባለው፣ እልልታው ካለፈ በኋላ አጠገቡ የሚቀመጥ ሲገኝ ነው። ፊልሙን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ነገር ሳታበዙ አጠገቡ ተቀመጡ፤ መናገር ሲፈልግ የሚሰማው ጆሮ በቅርብ ያግኝ።