ዕዳ በጨለማ ያድጋል

በቋንቋችን «ዕዳው ገብስ ነው» የሚል አባባል አለ። ነገሩ ቀላል ነው፣ አያሳስብም ለማለት እንጠቀምበታለን። እኔም በአንድ ወቅት ይህን አባባል ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ዕዳ ሁሉ ገብስ አለመሆኑን የተረዳሁት ግን በዱከም ከተማ በመምህርነት ሳገለግል በደረሰብኝ ነገር ነው። ታሪኩ የሚያኮራኝ አይደለም። ይሁን እንጂ እናንተ ነገ ደመወዝተኛ፣ ነጋዴ ወይም ገበሬ በምትሆኑበት ጊዜ ከስሕተቴ ትማሩ ዘንድ ሳልሸሽግ እጽፍላችኋለሁ።

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባድ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ያልፉባታል፤ ሥጋ ቤቶቿ መንገደኛውን ይጣራሉ፤ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚገኙት ፋብሪካዎችም ከየአቅጣጫው ብዙ ወጣቶችን ስበዋል። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በኪራይ ክፍል እየኖሩ ከአንዱ ደመወዝ ወደ ሌላው የሚሻገሩት በሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። እኔም ከእነርሱ የተለየሁ አልነበርኩም።

በ2014 ዓ.ም. ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ያ ዓመት በአገራችን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሆነበት ዓመት ነበር። ለክርስትናው ድግስ ይበቃል ብዬ ያስቀመጥኩት ገንዘብ፣ ቀኑ ሲደርስ ከጤፉና ከዘይቱ አላለፈም፤ በጉ ገና አልተገዛም። ድግሱን ማሳነስ ይቻል ነበር። እኔ ግን «መምህሩ ለልጁ ክርስትና ሰው መጥራት አቃተው» እንዳይባል ፈራሁ። ስለዚህ ለባለቤቴ ሳልነግራት፣ ገንዘብ በአራጣ ከሚያበድር ሰው ዘንድ ሄጄ 10,000 ብር ተበደርኩ። ውላችን ዋናውን እስክመልስ ድረስ በየወሩ ከመቶው ዐሥር ብር እንድከፍል ነበር። «ከመቶ ዐሥር» ሲባል ለጆሮ እንዴት ይቀላል!

እስኪ እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። ወለዱ በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ነው። የዓመቱ ወለድ ብቻውን ከዋናው በለጠ ማለት ነው፤ ሲሰላም 120 ከመቶ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2479ኛው አንቀጽ፣ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 ከመቶ የሚበልጥ ወለድ መዋዋል እንደማይችሉ ይደነግጋል። እኔ የተዋዋልኩት የዚህን ዐሥር እጥፍ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣ አበዳሪን ይቀጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከተበደርኩ በኋላ ነው። ስምንት ወር ከፈልኩ፤ 8,000 ብር ከእጄ ወጣ፤ ዋናው 10,000 ብር ግን አንድ ሳንቲም አልጎደለም። «ወለድ» የሚለው ቃል «ወለደ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። ያ ገንዘብ በእኔ ቤት እየበላ በሰው ቤት ይወልድ ነበር።

በጥንት ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ ጉዳያቸው በዳኛ ፊት እስኪያልቅ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ቆራኛ የሚባለውም ይህ ነው። የእነዚያ ሰዎች እስራት ለሁሉም ይታይ ነበር፤ የእኔ ግን አይታይም ነበር። በመንገድ ላይ አበዳሪዬን ሳይ ጎዳናውን አቋርጬ እሸሽ ነበር።

አንድ ሌሊት ልጃችን ትኩሳት ያዘው። ባለቤቴ ለመድኃኒት ገንዘብ ስትጠይቀኝ ኪሴ ባዶ ነበር። ደመወዝ ከተከፈለኝ ገና አራት ቀኔ ነው። «ደመወዙ የት ሄደ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ከጎረቤት ገንዘብ ለምና፣ መድኃኒቱን ገዝታ ተመለሰች፤ ልጁም እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ «ለእንግዳ ጉርሻ ብለህ የልጅህን መድኃኒት አስያዝክ» አለችኝ። ይህ አነጋገር ከስምንት ወር ወለድ ይበልጥ ከበደኝ።

በማግሥቱ እርሷው እየመራችኝ ወደ ዕቁባችን ዳኛ ሄድን። ዕቁባችን ሃያ አባላት ነበሩት፤ እያንዳንዳችን በወር 500 ብር እንጥል ስለነበር ዕጣው 10,000 ብር ነው። የእኔ ዕጣ ገና አልወጣም ነበር። አዛውንቱ ዳኛ በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ዕዳ በጨለማ ያድጋል፤ ብርሃን ላይ ሲወጣ ይቀጭጫል» አሉኝ። በዚያ ወር ዕጣ የወጣለትን አባል አነጋግረው ተራውን ለቀቀልኝ፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬም ዋስ ሆነችኝ። ገንዘቡን በተቀበልኩበት ቀን ዋናውን ከፍዬ ውሌን ቀደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ገቢና ወጪያችንን በአንድ ደብተር እየጻፍን፣ ከደመወዝ ላይ አስቀድመን ጥቂት እናስቀምጣለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ዘለለ፤ ዓመት ሳይሞላም ከ120 ብር አለፈ። የገበያው ዋጋ እኛንም አስጨንቆናል፤ ነገር ግን ከደመወዛችን ላይ የሚነሣ ወለድ ስላልነበረ ቆመን ተሻገርነው።

«ብር ዋጋው እየወረደ ስለሚሄድ መበደር ያዋጣል» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። ነገሩ እውነትነት የሚኖረው ወለዱ ዝቅተኛ ሲሆንና ገቢያችሁ ከዋጋው እኩል ሲያድግ ነው። የደመወዝተኛ ገቢ ግን ከገበያ ጋር እኩል አይራመድም። ብድር ሁሉ ክፉ ነው አልላችሁም። የልብስ ስፌት መኪና የተገዛበት ብድር ራሱን ሊከፍል ይችላል፤ በአንድ ቀን የተበላ ድግስ ግን ምንም አይመልስም። ስለዚህ ከመበደራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፦ ለምን እበደራለሁ? ከየትኛው ገቢ እከፍላለሁ? ሲጠቃለል ስንት ይሆናል? አራተኛም ልጨምርላችሁ፦ ይህን ብድር ከቤተ ሰቤ የምደብቀው ለምንድን ነው?

በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ልጃችን ክርስትና ስትነሣ ድፎ ዳቦ ጋግረን፣ ቡና አፍልተን ጎረቤት ጠራን። የዕቁባችን ዳኛም መጥተው መረቁን። ዳቦው ለሁሉም ደረሰ፤ ማንም አልሳቀብንም።