በመስተዋት ውስጥ ያለ አደራ

ውድ አንባብያን፣ በቤታችን ስለተፈጸመ አንድ ስሕተት ልናወጋችሁ ወደድን። ነገሩ ሲያዩት የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። ለእኛ ግን በመድረሳ ከቀራነውም ሆነ በትምህርት ቤት ከምናስተምረው ያላነሰ ትምህርት ሆኖልናል።

ነገሩ የጀመረው የስምንት ዓመት ልጃችን በቴሌቪዥን ባየው ዓሣ ነው። ዓሣው የቀስተ ደመና ዓሣ ይባላል። ወገኖቹ በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖሩ ሲሆን፣ ልጃችን ያየው ዓይነት በምዕራብ ፓፑዋ ከሚገኙት የአያማሩ ሐይቆች የተገኘና እ.ኤ.አ. በ1980 በሳይንስ መዝገብ የሰፈረ ነው። የወንዱ ፊተኛ አካል ሰማያዊ፣ የኋለኛው ብርቱካንማ ነው። በለምለም የውኃ ተክል መካከል በመንጋ ሲዋኝ ያየ ሰው ሱብሐነላህ ሳይል አያልፍም። ልጃችንም «አባ፣ ለእኛም ቤት ይምጣልን» እያለ ወጥሮ ያዘን።

ይሁን እንጂ ያ ዓሣ የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚደርስ ሞቃት ውኃ ነው። መካነ ሰላም ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ መብራት ሲጠፋም ማሞቂያው ይቆማል። ስለዚህ የሩቁን ትተን የአገራችንን ዓሣ ለመያዝ ተስማማን። ወደ ዓባይ በሚወርዱት ጅረቶቻችን ውስጥ በከንፈሩ ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ዓሣ አለ። ሊቃውንት ወገኑን «ጋራ» ይሉታል። ስሙ ከእኛው ተራራ ስም ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ቃሉ ከሕንድ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና የሥራ ባልደረባቸው ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ብቻ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋውቀዋል። አንደኛው ስሙን ያገኘው ከጎጃሟ ደምበጫ ነው።

መስተዋት ቆራጭ ዘንድ ሄደን 60 ሊትር ያህል የሚይዝ ሣጥን በሲሊኮን አስገጠምን። የታጠበ ጠጠር አነጠፍንበት፤ ከቧንቧ ቀድተን ሞላነው፤ በዚያው ቀንም ስምንት ዓሦች ከጅረት አምጥተን ጨመርንበት። ልጆቹ ከደስታቸው ብዛት እንጀራና ዳቦ ሲቆርሱላቸው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ለሱብሒ ስንነሣ አምስቱ ሞተው ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

ልጃችን አለቀሰ። «አታልቅስ፤ የአላህ ቀደር ነው» አልነው። ዝም ብሎ ቆየና «አባ፣ ድመቷን አስራ የገደለቻት ሴትዮስ እንዲህ ብትል ኖሮ ትተርፍ ነበር?» ሲል ጠየቀን።

ያንን ሐዲስ በዚያው ሳምንት ያስተማርነው እኛው ነበርን። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ያች ሴት ድመቷን አልመገበቻትም፤ ራሷ ከምድር ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህም ምክንያት ለቅጣት ተዳረገች። መልስ አጣን። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። እኛ ግን የጥፋታችን መሸፈኛ ልናደርገው ነበር። በመጨረሻ «እውነትህን ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሳናውቅበት ያዝናቸው» አልነው። ለአንድ አባት ይህን ለልጁ መናገር ቀላል አይደለም።

የተረፉትን ሦስቱን በዚያው ቀን ወደ ጅረታቸው መለስን። ቀጥሎም «ለመሆኑ ፍጡርን በቤት መያዙስ ይገባል ወይ?» ብለን ኪታብ ገለጥን። የአነስ ኢብኑ ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ እንደነበረውና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፉ እየጠየቁ ሕፃኑን ያጫውቱት እንደነበር ተዘግቧል። ከዚህ በመነሣት ዑለሞች ተገቢው እንክብካቤ እስካልጎደለ ድረስ መያዝ እንደሚፈቀድ ተናግረዋል። ታዲያ እንክብካቤው ያለ ዕውቀት ከየት ይመጣል?

ስለሆነም የሳይንሱን መጽሐፍም ገለጥን። ዓሣ ከአካሉ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል፤ የሚበሰብስ ምግብም ይህንኑ ያበዛል። በጅረት ውስጥ ወራጁ ውኃ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በሣጥን ውስጥ ግን እዚያው ይጠራቀማል። አላህ በጥበቡ ለዚህም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ፈጥሯል። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ሲሆን ለተክል ምግብ ይሆናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ በብርድ አገር ደግሞ ይዘገያሉ። እኛ አንድ ቀን እንኳ አልጠበቅንም።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ክሎሪን ካለ የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል። በእኛ ከፍታም አየሩ ስለሚሳሳ፣ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን እኩል ሙቀት ካለው የቆላ ባሕር ዳርቻ ውኃ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የደጋ ሰው በሣጥኑ የሚያኖራቸውን ዓሦች ቁጥር ማሳነስ አለበት።

ሁለተኛውን ሙከራ በትዕግሥት ጀመርን። ውኃውን በባልዲ አሳድረን ሞላን፤ ከጅረት ዳር ያመጣነውን የውኃ ሣር ተከልን፤ ለባክቴሪያዎቹም በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየጣልን ሁለት ወር ዓሣ የሌለበት ሣጥን ስንመለከት ከረምን። ጎረቤት ሳቀብን። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓሦች ብቻ አስገባን። ሣሩ በቀን ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳልና የዓሦቹ ማነስ እዚህም ጠቀመን። ልጃችን በየሳምንቱ ከጁሙዓ መልስ የውኃውን ሩብ ቀድቶ ይለውጣል። የተቀዳው ውኃም ናይትሬት ስላለበት አይደፋም፤ እናቱ ለጓሮ ጎመኗ ታጠጣዋለች።

በሱረቱል አንቢያእ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከውኃ መገኘቱ ተነግሮናል። ያንን ውኃ በሣጥን ከልለን «የእኛ ነው» ስንል፣ በውስጡ ላለው ነፍስ ተጠያቂዎች መሆናችንን እንዳንዘነጋ።

ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ልጅ መጥቶ እሱም ዓሣ ሊይዝ መፈለጉን ነገረን። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ልጃችን ቀደመንና «ሣጥንህ ውኃ ከተሞላ ስንት ሳምንት ሆነው?» ሲል ጠየቀው።

አላህ የያዝነውን አደራ ዐውቀን የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።